ሦስት ፈረሶችና የባልደራስ ጓንጉል ዝምታ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህ የሚያስቅ ተረት አይደለም፤ ግን ይጠቅማችኋል።

በድሮ ዘመን፣ ከትልቅ ወንዝ ማዶ፣ ፈረስ የሚወድ አንድ ንጉሥ ነበር። አርባ ፈረሶች ነበሩት። ቁጣው ፈጣን፣ ምሕረቱ ዘገምተኛ ነበር። ሲቆጣ ከፊቱ የሚቆም ሰው አልነበረም።

የፈረሶቹ ሹም ባልደራስ ጓንጉል ይባል ነበር። ጓንጉል ፈረስ አዋቂ ነው። አረማመዱን አይቶ የታመመውን ይለያል፤ ትንፋሹን ሰምቶ የደከመውን ያውቃል። እጁ የማይሰርቅ ሰው ነበር። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፦ ንጉሡን ከልክ በላይ ይፈራ ነበር።

በዚያው አገር ቢሻው የሚባል ሣር ሻጭ ነበር። ምላሱ ቅቤ፣ ዓይኑ ጭልፊት። በየማለዳው ሸክም ሣር አምጥቶ ከፈረሶቹ ግቢ ያራግፋል። ሁሉንም በስም እየጠራ ደኅንነቱን ይጠይቃል። "ዛሬ ተረኛው ማን ነው? የነገውስ? ሠርጉ መቼ ነው?" ይላል። ሰውም "እንዴት ያለ ሰው ወዳድ ነው!" ይለዋል። እናንተ እወቁት እንጂ፣ ልጆች፣ በዚያ አገር ማንም አላወቀውም፤ ቢሻው ሌባ ነበር።

የፈረሶቹ ግቢ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው። ከሣሩ ክምር ጀርባ፣ ከበሩ በማይታይ አንድ ጥግ ላይ፣ ካቡ በክረምቱ ዝናብ ላልቶ ነበር። ንጉሡ ጓንጉልን ጠርቶ "ያንን ጥግ በኖራ አስገንባው" አለው። ጓንጉልም "እሺ፣ ጃንሆይ" አለ። ዛሬ ነገ ሲል በጋው አለፈ። አንድ ቀን ንጉሡ "ግንቡ አለቀ?" ብሎ ቢጠይቀው ደነገጠና "አልቋል፣ ጃንሆይ" አለ።

በዕድሜው የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠርግ ቀን መጣ። አገሩ ሁሉ ወደ ሠርጉ ወጣ። ተረኛው ጠባቂ እጅጉ ብቻውን በሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሰው ከሠርግ ሲመለስ ዳማው ፈረስ የለም።

ጓንጉል ወደዚያ ጥግ ሮጠ። ካቡ ፈርሷል። ድንጋዩ መሬት ላይ ተበትኗል። የፈረሱ ኮቴ ወደ ወንዙ ይወርዳል። "ንጉሡ ይህን ካዩ ውሸቴ ይወጣል፤ አንገቴም ይቀላል" አለ በልቡ። ዙሪያውን አየ። ድንጋዩን አንድ በአንድ አንሥቶ ካበው። ኮቴውን በእግሩ አጠፋው። ከዚያም ዝም አለ።

ንጉሡ "ፈረሴ በየት ወጣ?" ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠ የለም። "እንግዲያው ያስወጣው ጠባቂው ነው!" አለ። እጅጉ አርባ ጅራፍ ተገረፈ፤ ከአገርም ተባረረ። በካቡም ላይ እሾህ እንዲጨመር ታዘዘ። እሾህ ተጨመረ።

ጓንጉል ያን ጥግ ሊያስገነባ አሰበ። "አሁን ግንበኛ ብጠራ ግን 'አልቋል ብለህ አልነበር?' እባላለሁ" ብሎ ፈራና ተወው።

የገበያ ቀን መጣ። አገሩ ሁሉ ወደ ገበያ ወጣ። ሰው ሲመለስ ቦራው ፈረስ የለም። ጓንጉል ወደ ጥጉ ሮጠ። ካቡ ፈርሷል፤ እሾሁ ወደ ጎን ተገፍቷል። ዙሪያውን አየ። ድንጋዩን ካበው። እሾሁን መለሰው። ዝም አለ።

የዕለቱ ተረኛ፣ ሁለተኛው ጠባቂ፣ እግር ብረት ገባ። ንጉሡም "የወይራ በር አቁሙ፤ የብረት መወርወሪያ አድርጉበት፤ ሦስት ውሾችም እሰሩ" አለ። በሩ ቆመ፤ ውሾቹም ታሰሩ።

የቀብር ቀን መጣ። አንድ ታላቅ ሽማግሌ ሞተው አገሩ ሁሉ ለቀብር ወጣ። ሰው ከቀብር ሲመለስ ነጩ ፈረስ የለም። ነጩ ፈረስ ደግሞ ንጉሡ ራሱ የሚቀመጥበት ነበር። ጓንጉል ወደ ጥጉ ሮጠ። ዙሪያውን አየ። ድንጋዩን ካበው። ዝም አለ።

የዚያን ቀን ተረኛ የነበረው ይርዳው ነው። ልጓም አያያዝ፣ ኮርቻ አጫጫን ያስተማረው ራሱ ጓንጉል ነበር። ንጉሡ "ነጩ ፈረሴ እስከ ሦስተኛው ቀን ካልተገኘ ይርዳው ይሰቀል!" ብሎ ፈረደ።

የይርዳው ሚስት ማዘንጊያ ትባል ነበር፤ ለፈረሶቹ ውኃ የምትቀዳው እሷ ነበረች። በዚያው ቀን ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ ዘቅዝቃ ወደ ጓንጉል መጣች። አላለቀሰችም።

"ባልደራስ፣ ባሌ ሌባ ነው?" አለችው።

"አይደለም፣ ልጄ።"

"ፈረስ ክንፍ አለው?"

"የለውም።"

"ታዲያ በየት ወጣ?"

ጓንጉል አንገቱን ደፋ።

"ከእስር ቤቱ በር ሄጄ ነበር" አለች። "ይርዳው ምን አለኝ መሰለዎ? 'ባልደራስን አጽናኛቸው፤ ነጩን አጥተው ክፉኛ ያዝናሉ' አለኝ።"

ይህን ብላ ሄደች። ጓንጉል በቆመበት ቀረ። ውኃ አልጠጣም፤ እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ንጉሡ ችሎት ሄዶ በግንባሩ ተደፋ።

"ጃንሆይ፣ ጥጉ አልተገነባም። አልቋል ያልኩት ውሸት ነው። ፈረሶቹ የወጡት በዚያ ነው። ሦስት ጊዜ ፈርሶ አገኘሁት፤ ሦስት ጊዜ ካብኩት። እጅጉ የተገረፈው በኔ ፋንታ ነው። ሁለተኛው የታሰረው በኔ ፋንታ ነው። ይርዳው የሚሰቀለውም በኔ ፋንታ ነው።"

የንጉሡ ፊት ጠቆረ።

"እስከ ዛሬ ደብቀህ አሁን ለምን ነገርከኝ?"

"እርስዎን እፈራ ነበር፣ ጃንሆይ። አሁን ግን የይርዳውን ደም ይበልጥ ፈራሁ። እኔን እንደ ፈቀዱ ያድርጉኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ 'በፈረሶቹ ግቢ ጉድለት ያየ ይናገር፤ የተናገረ አይቀጣም' ተብሎ ይታወጅ። ሌላም የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።"

ንጉሡ ወደ መኳንንቱ ዞረ። "ሰው ሁሉ ይህን ያህል ይፈራኛል?" ብሎ ጠየቀ።

የመለሰለት የለም። ንጉሡም መልሱን ከዝምታቸው ተረዳ። ነጋሪት አስመታ፤ አዋጁ ተነገረ።

በዚያው ቀን ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ "ውሾቹ ሰው ሁሉ ላይ ሲጮኹ በሣር ሻጩ ላይ አይጮኹም፤ አጥንት ይጥልላቸዋል" አለ። ሁለተኛው "ሣር ሻጩ ተረኛውን ጠባቂ ሁልጊዜ ይጠይቃል፤ እኔም እነግረው ነበር" አለ። ሦስተኛው ኮርቻ የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም "ባልደራስ ድንጋይ ሲክቡ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ጅራፉን ፈርቼ ዝም አልኩ" አሉ። ጓንጉል ይህን ሲሰማ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሦስተኛው ቀን የታቦት ንግሥ ነበር። ንጉሡ አገሩን ሁሉ አስከትሎ ለንግሡ ወጣ። ሌባው እንዳይጠረጥር ካቡን ማንም አልነካውም፤ የተነገረውም ከችሎቱ አልወጣም። ጓንጉል ግን ከስድስት ሰዎች ጋር ሣሩ ክምር ውስጥ ተደብቆ ተኛ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቢሻው መጣ። ለውሾቹ አጥንት ወረወረ። እሾሁን በባላ እንጨት ገፋ። ድንጋዩን አንድ በአንድ አወረደ። ገብቶ የጥቁሩን ፈረስ ልጓም ሲይዝ፣ ሰባቱ ሰዎች ከሣሩ ወጥተው ያዙት።

ንጉሡ ሲመለስ ቢሻውን ከፊቱ አቆሙት።

"አንተ" አለው ንጉሡ፣ "እሾሁን አልፈራህም? ውሾቹን አልፈራህም? በአንድ ቀዳዳ አራት ጊዜ ስትመጣ እያዛለሁ አላልክም?"

ቢሻው ሳቅ አለ። "በመጀመሪያው ቀን ፈርቼ ነበር" አለ። "በማግስቱ ሣር ይዤ ስመጣ ግን ያፈረስኩት ካብ ተክቦ አገኘሁት። አንድ የሚያውቅ ሰው እንዳለ፣ ያም ሰው እንደማይናገር ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ምን ያስፈራኛል? ጉዴን የሚሸፍንልኝ ሰው ከውስጥ ነበረኝ።"

ጓንጉል ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ብዙ ነገር ሰምቷል። እንደዚያ ቃል ግን አጥንቱ ድረስ የዘለቀ አልነበረም።

ዳማውና ነጩ ፈረስ ከወንዝ ማዶ ተገኙ። ቦራው ሩቅ አገር ተሸጦ ነበርና አልተገኘም። ቢሻው በሰንሰለት ታስሮ ያን ጥግ እስኪያልቅ ድረስ ድንጋይና ኖራ ተሸከመ፤ ከዚያም ወደ ግዞት ሄደ። ሁለተኛው ጠባቂ ከእግር ብረት ወጣ። ይርዳው ተፈትቶ ባልደራስ ሆነ። ንጉሡም በየወሩ አንድ ቀን ከፈረሶቹ ግቢ ተቀምጦ "ምን ጎደለ?" ብሎ ይጠይቅ ጀመር። መጀመሪያ ሰዎቹ ፈሩ። ሳይቀጣ ሲያዩት ግን፣ የላላ ማጠፊያም የተበጠሰ መጫኛም ሳይደበቅ ይነገረው ጀመር። ከግቢው ሌላ ፈረስ አልጠፋም።

ጓንጉልስ? ንጉሡ ሹመቱን ወሰደበት፤ ነፍሱን ግን ተወለት። ጓንጉልም እጅጉን ፍለጋ ወጣ። ከብዙ መንገድ በኋላ በሰው እርሻ ላይ ሲቆፍር አገኘው። እንደ አገሩ ወግ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከፊቱ ተንበረከከ።

"ዛሬ አልችልም" አለው እጅጉ። "ነገ ና።"

በማግስቱ ድንጋዩን ተሸክሞ መጣ። "ዛሬም አልችልም" አለው።

በሦስተኛው ቀን መጣ። እጅጉ መቆፈሪያውን አስቀመጠ። የተገረፈ ጀርባውን አሳየው። ጓንጉል አየና አለቀሰ። ያን ጊዜ እጅጉ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አወረደለት።

ልጆች፣ እሾህም በርም ውሻም ጥሩ ነው፤ ጉድለቱን አይቶ የሚናገር ሰው ከሌለ ግን ሌባ መንገድ አያጣም። ጥፋታችሁን ቶሎ ተናገሩ፤ ዘግይቶ የሚነገር ጥፋት ሌላ ሰው ያስገርፋል። አለቃ የሆናችሁ ቀን ደግሞ፣ እውነት ይዞ የሚመጣውን አታስፈራሩት።

እኔ የሰማሁትን አልደበቅኋችሁም፤ እናንተም ለሚመጡት አትደብቁ።