የአልብሺው ሮማን

በደጋው ጫፍ፣ ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላ ከሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ፣ አልብሺው የምትባል መንደር አለች። እንግዳ ሰው ስሟን ሲሰማ ፈገግ ይልና «ማንን ነው የምታለብሰው?» ብሎ ይጠይቃል። አገሩ የገብስና የባቄላ አገር ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር አመዳይ ሜዳውን ጨው የተነዛበት አስመስሎት ያድራል፣ ጌሾ እንኳ እንደ ልቡ አይበቅልበትም። ይሁን እንጂ በመንደሪቱ በአብዛኛው ቤት ጓሮ፣ በግማሽ ክብ በተሠራ የጥቁር ድንጋይ ካብ ውስጥ፣ ቁመቱ ከሰው የማይበልጥ የሮማን ቁጥቋጦ ቆሞ ይታያል። የቆላው ተክል እዚያ ብርድ ላይ እንዴት እንደወጣ፣ መንደሪቱም ይህን ስም ከየት እንዳገኘች ሽማግሎች የሚናገሩት ነገር አለ፤ የአንዱ ከሌላው ጥቂት ቢለያይም ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው።

ከክፉ ቀን ወዲህ፣ አገር ጥቂት ሲያገግም፣ በዚያ መንደር በጓሮዋ የታወቀች አንጓች የምትባል ሴት ትኖር ነበር ይባላል። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፣ ልጆቿም አግብተው ርቀው ነበርና የቀራት ክብር ያ ጓሮ ብቻ ነበር። ከምንጩ በታች ባለው ጥቁር አፈር ላይ የምትተክለው ጎመን የጋሻ ያህል ይሰፋል፤ ነጭ ሽንኩርቷን ለመድኃኒት ብለው ከሦስት አጥቢያ ማዶ መጥተው ይለምኗታል፤ አራስ ያለበት ቤት ሁሉ ጤና አዳም የሚቀጠፈው ከእሷ ደጅ ነበር። አንጓች ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ዘር የለመናትን ባዶ እጁን ሰድዳ አታውቅም። መለመኑን ግን ትወደው ነበር፤ ማለዳ ከደጇ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ካልሰማች ቀኑ የነጋ አይመስላትም ነበር።

በዚህ መካከል የቅርብ ጎረቤቷ ዳምጤ ከቆላ ሚስት አመጣ። ሙሽራይቱ ሰገዱ ትባላለች። እንደሚነገረው ከዘመድ ከተሰጣት ስጦታ ሁሉ በገዛ እጇ ታቅፋ የወጣችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም በግማሽ ገንቦ ውስጥ ከነአፈሩ የተቀመጠ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ የሮማን ችግኝ ነው። እናቷ ውዳላት ስትሰናበታት፣ «ጉልበቴ ያንን ዳገት አይወጣልኝም፣ ብርዱንም እፈራለሁ። ይህ ሮማን ካፈራልሽ ግን አገሩ ለሰውም ይሆናል ማለት ነውና በቃሬዛም ቢሆን መጥቼ አይሻለሁ» ብላት ነበር ይባላል።

መንደሩ ሳቀ። «የቆላ ልጅ ውርጭ ምን እንደሆነ አታውቅ!» አሉ። ሰገዱ ግን አልተከራከረችም። አንድ ዓመት ሙሉ ችግኙን በገንቦው እንዳለ ቤት እያስገባችና እያስወጣች አሳለፈች፤ በዚያም ዓመት አመዳዩ የት የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚቀር ማለዳ ማለዳ እየዞረች ስታይ ከረመች። ብርዱ እንደ ውሃ ወደ ታች እየወረደ ረባዳው ላይ ሲተኛ፣ የተዳፋቱን ወገብ ግን አልፎት እንደሚሄድ አስተዋለች። ስለዚህ ከቤቷ በላይ ካለው ተዳፋት መርጣ፣ ፊቱ ለቀን ፀሐይ የተከፈተ የጥቁር ድንጋይ ካብ ከባሏ ጋር ሠራች፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ያወጣዋልና። ሮማኑን እዚያ ተከለችው። በብርዱ ወራት ጀምበር ስትዘቀዝቅ የገብስ ገለባ ታለብሰዋለች፤ ጠዋት አመዳዩ ሲረግፍ ትገልጠዋለች። በሦስተኛው ዓመት ሮማኑ አበበ።

ያን አበባ ያላየ ሰው አልነበረም ይላሉ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ቀይ የታየው በካህናት ልብስ ላይ ብቻ ነበርና ሽማግሎች በምርኩዝ፣ ሴቶች ልጅ አዝለው ወደ ሰገዱ ጓሮ ወጡ። መንገዱ የሚያልፈው ደግሞ በአንጓች ደጅ ነበር። አንጓች አጥሯን ተደግፋ ቆማ ስታያቸው «እንደምን ዋልሽ» ይሏታል፣ ያልፋሉ። ዘር የሚለምናት፣ ጎመኗን የሚያደንቅላት ጠፋ። በመጀመሪያው ቀን ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ገብታ ደጇን ዘጋች።

ከሰነበተች በኋላ ራሷ ወጥታ ቅርንጫፍ ለመነች። ሰገዱም ደስ እያላት ጥሩውን መርጣ ቆረጠችላትና፣ «እትዬ አንጓች፣ ከምንጩ በታች አትትከይው፤ እዚያ ብርዱ ይተኛበታል። ከቤትሽ በላይ ድንጋይ ያለበት ቦታ ይሻለዋል» አለቻት።

አንጓች ይህን ስትሰማ ልቧ ተንኮል ጠረጠረ። ጥቁሩን አፈር፣ ስንት ዓመት ያበላትን መሬት አትንኪ፣ ጭንጫው ላይ ትከይ መባሏ፣ «እንዳይበቅልልኝ ነው» አሰኛት። ቅርንጫፉን ወስዳ ከምንጩ በታች፣ ከጎመኗ መሃል ተከለችው። እስከ መስቀል አቆጠቆጠ፤ በኅዳር የመጀመሪያው ውርጭ ሲያርፍበት እንደ እሳት የነካው ጠቆረ። አንጓችም በራሷ ከመፍረድ ይልቅ «የሞተ እንጨት ነው የሰጠችኝ» ማለትን መረጠች። ለማንም አልተናገረችም፤ ነገሩ ሆዷ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ራቃት፤ በልታም አይጥማት። ሰገዱ ስትስቅ በሷ የምትስቅ ይመስላት ነበር።

በአራተኛው ዓመት ሮማኑ ሦስት ፍሬ ያዘ። ሰገዱም በገበያተኞች ወደ እናቷ ላከች፤ ውዳላትም «ለጥምቀት በሰው ትከሻም ቢሆን እወጣለሁ» ብላ መለሰች። ሰገዱ ይህን ለባሏ ብቻ ነገረችው እንጂ ለጎረቤት አላወራችም። ታኅሣሥ እኩሌታ ላይ የዳምጤ እህት ተዳረችና ባልና ሚስቱ ለሁለት ቀን ወደ ሰርጉ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ሰገዱ ከመሄዷ በፊት ወደ አንጓች ደጅ መጣች።

«እትዬ፣ ካንቺ ሌላ ተክል የሚያውቅ፣ የማምነውም ሰው የለኝም። ጀምበር ስትዘቀዝቅ ሮማኔን አልብሺልኝ» አለቻት።

«ሂጂ ግድ የለሽም» አለች አንጓች።

በዚያ ምሽት አንጓች ገለባውን ታቅፋ እስከ ካቡ ድረስ ወጥታ ነበር ይባላል። ሦስቱ ፍሬዎች የቡጢ ያህል ሆነው፣ አንድ ጎናቸው ቀልቶ፣ በመጨረሻዋ ጀምበር ያበሩ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋስ የለም፤ እንዲህ ያለ ምሽት ምን እንደሚያመጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቆማ ተመለከተቻቸው። ይህን የመሰለ ነገር በእሷ እጅ በቅሎ እንደማያውቅ፣ ሰዎቹ ደጇን እያለፉ መሄዳቸውም ትክክለኛ ፍርድ እንደነበር አሰበች። ከዚያ ገለባውን እግሯ ሥር አስቀምጣ ወደ ቤቷ ወረደች። ማለዳ ሮማኑ የተቀቀለ ጎመን መስሎ፣ ፍሬዎቹም ተሰነጣጥቀው ተገኙ።

ሰገዱ ስትመለስ አንጓች «ረሳሁት፣ እራሴን አሞኝ ነበር» አለቻት። ሰገዱ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ «ሰው ነሽ፣ ትረሺያለሽ» አለቻትና የጠቆረውን ቅርንጫፍ እስከ ሥሩ ቆረጠችው። ለእናቷም «ዘንድሮ አልሆነም፣ ለከርሞ ነይ» ብላ ላከች።

ከርሞ አልደረሰም። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ ውዳላት በቆላ ንዳድ ታማ በአራት ቀን ሞተች። መርዶው ተነገረ፣ መንደሩም ለለቅሶ ተሰበሰበ። ሰገዱ ደረቷን እየደቃች፣

«ሮማኔ ሲያፈራ እመጣለሁ ያልሽኝ፣
ሮማኑን ነው ውርጩ ወይስ አንቺን የነሳኝ?»

ብላ ስታለቅስ፣ አልቃሾቹ ነገሩ አልገባቸው ኖሮ ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቁ። ያን ጊዜ ዳምጤ የአማቱን ቃል፣ የጥምቀቱንም ቀጠሮ ለለቀስተኛው ተናገረ።

አንጓች ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ነበር። እንደሚነገረው ብድግ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሃል ገባችና፣ «አልረሳሁም» አለች። «ራሴንም አላመመኝም። ገለባውን ይዤ ወጥቼ ነበር። አየሁት፣ ተውኩት።»

ለቀስተኛው ሊደባደብ ምንም አልቀረው። ዳምጤን ሦስት ሰው ያዘው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሽማግሎች እንደ ሌላው አገር በዋርካ ሥር ሳይሆን፣ እዚያ ዋርካ የለምና፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተቀመጡ። አንዱ ካሳ በሬ ትስጥ አለ፤ ሌላው ከማኅበር ትውጣ፣ እሳትም አይስጧት አለ። የሽማግሎቹ ታላቅ አባ ይፍሩ የሚባሉ ሰው ነበሩና ወደ ሰገዱ ዞረው፣ «ልጄ፣ አንቺ ምን ይደረግልኝ ትያለሽ?» አሏት።

«ምን ይደረግልኛል አባ? እናቴ አትመጣ» አለች ሰገዱ። ቀጥላም ወደ አንጓች እያየች፣ «አንድ ነገር ብቻ ትንገረኝ። ለምን?»

«ቀናሁ» አለች አንጓች።

አባ ይፍሩ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አጋደሙት ይባላል። «ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አሉ። «ሌባ ሰረቅሁ ሲል ሰምቻለሁ። ነፍሰ ገዳይም ገደልሁ ሲል ሰምቻለሁ። ቀናሁ ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ይህን ካፏ ያወጣች ሴት የምትጠፋ አይደለችም።» ከዚያ ሮማኑ ጨርሶ ሞቶ እንደሆነ ጠየቁ። ከሥሩ ሦስት ቀንበጥ ማውጣቱን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ አንጓች ዘርግተው፣ «በይ ተነሽ፣ አልብሺው!» አሉ። «እስኪያፈራ ድረስ፣ ብርድ ባለበት ወር ሁሉ፣ ማታ ማታ አንቺ ታለብሺዋለሽ። ሰገዱም ገለባውን አትንካ።»

ፍርዱ ከበደለኛይቱ ይልቅ ለተበደለችው ከበዳት። ያንኑ እጅ ዳግመኛ ማመን ነበረባትና። በመጀመሪያው ብርድ ወራት አንጓች ገለባ ታቅፋ ስትመጣ ሰገዱ ደጇ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማ ትጠብቃታለች፤ ስትጨርስ ቃል ሳይተነፍሱ ይለያያሉ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት አንጓችን ትኩሳት ጣላት። መንደሩ «ዛሬስ አትመጣም» ሲል ጋቢ ተከናንባ፣ በየአሥር እርምጃው እየተቀመጠች ዳገቱን ወጣች። ስታለብሰው ሰገዱ ከደጇ ሆና፣ «በግራ በኩል ክፍት ነው» አለቻት። ከፍርዱ ወዲህ የተናገረቻት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር ይባላል። አንጓችም ዞራ ግራውን ደፈነችው። በማግስቱ ማለዳ ሰገዱ የአጥሚት ቅል ይዛ ወደ አንጓች ቤት ገባች።

ሮማኑ በአራተኛው ዓመት አምስት ፍሬ አፈራ። ሁለቱ ሴቶች ካቡ ዘንድ ቆመው ሲያዩት፣ አንጓች እንደ መሳቅም እንደ ማዘንም ብላ፣

«ሰገዱ፣ ልዋሽሽ አልችልም፤ ዛሬም ቀናሁ» አለቻት።

«ነገ ማታስ ታለብሺዋለሽ?»

«አለብሰዋለሁ።»

«እንግዲያው ቅኚ» አለች ሰገዱ።

ከፍሬዎቹ ሦስቱን ይዘው ገደሉን አብረው ወረዱ። አንጓች በሕይወቷ ቆላ ወርዳ አታውቅም፤ በመንገድ ያገኟቸው ሰዎች «ሮማን ወደ ሮማን አገር ይሸከማሉ እንዴ!» እያሉ ሳቁባቸው። ፍሬዎቹን በውዳላት መቃብር አጠገብ ሰንጥቀው ለነዳያን አደሉ። የቆላ ሰዎች ቀምሰው፣ ከእኛው ይኮመጥጣል አሉ፤ አልዋሹም።

ሲመለሱ ሰገዱ ከሮማኑ ሥር የበቀለ ቡቃያ ነቅላ ሰጠቻት፤ አንጓችም ከቤቷ በላይ፣ ጭንጫው ላይ፣ ካብ ሠርታ ተከለችው። ኅዳር ሲገባ የራሷን ለማልበስ ገለባ ይዛ ስትወጣ ሰገዱ ቀድማት ደርሳ አልብሳው አገኘቻት። ከዚያ በኋላ ቡቃያው ከጓሮ ጓሮ ዞረ፣ ልማዱም አብሮት ዞረ ይላሉ፤ የመንደሪቱም የቀድሞ ስም ተረስቶ የአባ ይፍሩ ቃል ስም ሆነ።

ዛሬም በዚያ መንደር የራሱን ሮማን የሚያለብስ የለም። ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ጀምሮ የአንዱን ሌላው ያለብሳል። ጎረቤት ገለባ ታቅፎ ሲመጣ ባለቤቱ ካቡ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «ቀንተሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። የመጣውም ሰው ሳያፍር፣ «ቀንቻለሁ» ይላል፤ ያን ጊዜ መንገድ ይለቀቅለታል። «ኧረ እኔ አልቀናም» የሚል ሰው ግን ገለባውን እዚያው አስቀምጦ እንዲመለስ ይደረጋል፤ ሮማኑን እንዲነካ አይፈቀድለትም።