ከሸኚዋ ጋር የተከራከረው ሸማኔ

ተረት ተረት።

«የላም በረት» አላችሁ? ጥሩ። ዛሬ ግን በረቱ ውስጥ ላም የለም። ውሃ ነው ያለው፣ ያውም ጨው ውሃ። ጠጋ በሉና ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ ሙቀት በማይለቀው ባሕር መካከል፣ አንዲት ትንሽ ደሴት ነበረች። ዙሪያዋን በእግር ለመዞር ግማሽ ቀን ይበቃል። ሰዎቿ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ መረብ ይሠራሉ፣ የዝናብ ውሃ በጉድጓድ አጠራቅመው ይጠጣሉ። በምሥራቅ በኩል ማዕበሉ ከሩቅ እየመጣ ዳር ላይ ይከሰከሳል። ነጭ አረፋ ይሆናል፣ ያገሳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይከሰከስም። እዚያ ውሃው ጠቆር ብሎ፣ ለጥ ብሎ፣ በሁለት ነጭ አጥሮች መካከል እንዳለ መንገድ ተዘርግቶ ይታያል። ዳር ላይ የተደፋው ውሃ ሁሉ ወደ ጥልቁ የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው። የገባበትንም ሰው ይዞት ይሄዳል። የደሴቷ ሰዎች ይህን ውሃ «ሸኚዋ» ይሉታል። ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ፣ አትቸኩሉ።

በዚያው ዘመን በደጋው አገር ይርዳው የሚባል ሸማኔ ነበር። ጨዋ ሰው ነበር። እንዲያውም ጨዋነት በዝቶበት ነበር። ብላ ሲሉት «ጠግቤያለሁ» ይላል፣ ሆዱ እየጮኸ። ወደ ውስጥ ዝለቅ ሲሉት «እዚሁ ይበቃኛል» ይላል፣ በሩ ሥር ቆሞ። ሊሸኙት ሲነሱማ ጉድ ነው። «ኧረ ተመለሱ፣ ኧረ አይገባም» እያለ ባለቤቱን ወደ ቤቱ ይገፋዋል። አንድ ጊዜ ከአማቱ ጋር እንዲህ ሲገፋፉ ሁለቱም አጥሩ ላይ ወድቀው ተነሥተዋል።

ይህ ይርዳው ሸማውን ሸክፎ በጨው ሊለውጥ ወደ ባሕር ወረደ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበርና፦ «ሳትወልጂ እመለሳለሁ» ብሎ ቃል ገባላት። ከዚያም በጀልባ ተሳፍሮ ደሴቷ ደረሰ። የሚያሳድረው ቤት ሲጠይቅ ሩቂያ ወደምትባል አሮጊት ቤት መሩት። ሩቂያ ባሏ የሞተባት መረብ ጠጋኝ ነበረች። እጇ ፈጣን ነው፣ ወሬዋ አጭር ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሩቂያ ገላህን ታጠብ ብላ አንድ እንስራ የዝናብ ውሃ አቀረበችለት። ይርዳው ውሃው በደሴቷ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አይቷልና አይሆንም አለ። እሷ ታጠብ አለች፣ እሱ አይገባም አለ። በመጨረሻ ባሕር ወርጄ እታጠባለሁ ብሎ ተነሣ። አሮጊቷ ከመረቧ ቀና ሳትል፦

«ባሕር የምትወርድ ከሆነ ሸኚዋ ትወስድሃለች» አለችው።

እዚያ ደሴት ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ ሲሰማው ከውሃው ይርቃል። ይርዳው ግን አንዲት ልጅ መንገድ ልታሳየው የተጠራች መሰለው። አፈረ።

«ኧረ አይገባም፣ እናቴ። እሷን አያድክሟት። እኔው ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ሩቂያ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለችና መረቧን ቀጠለች። የሚያገሳውን ባሕር አይቶ የማይፈራ ሰው ይኖራል ብላም አላሰበችም።

ይርዳው ዳር ደረሰ። ግራና ቀኙ ያገሳል፣ መሐሉ ዝም ብሏል። በአገሩ ከብት የሚጠጣው ወንዙ ረጋ ባለበት ነው። ልብሱን አስቀመጠና በረጋው ገባ። ውሃው እስከ ጉልበቱ ደረሰ፣ ከዚያም እስከ ወገቡ። ከዚያም እግሩ መሬት አጣ።

ዋና ያውቅ ነበር። ፊቱን ወደ ዳር አዙሮ ዋኘ። አንድ ክንድ ሲጠጋ ሁለት ክንድ ይርቃል። ልብሱ በአሸዋው ላይ እያነሰ እያነሰ እንደ እንቁላል ሆነ። የበለጠ ታገለ። ክንዱ ዛለ፣ ጨው ውሃ ጠጣ። ሚስቱ ትዝ አለችው። የገባላት ቃልም ትዝ አለው።

ሩቂያ ቤቷ ተቀምጣ መርፌዋን በመረቡ ቀዳዳ ልታሾልክ ስትል እጇ ቆመ። «አያድክሟት» ያለው ነገር አሁን ገና ገባት። መረቡን ጥላ ሮጠች። ወንዶቹ በሌላው በኩል ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተዋል፣ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ራሷም አልገባችም። ከብዙ ዓመት በፊት ባሏ ጓደኛውን ሊያወጣ ገብቶ ሁለቱም አልተመለሱም።

ነፋሱ ከኋላዋ ይነፍስ ነበርና ድምፅዋን ወሰደላት።

«አትከራከራት። ትሸኝህ።»

ይርዳው ሰማ። ሸኚዋ ማን እንደሆነችም አወቀ። አንድ ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ልሸኝህ ይለዋል፣ እሱ እንደ ልማዱ ይገፋዋል። ዕድሜ ልኩን ያላደረገውን አደረገ። እሺ አለ።

በጀርባው ተንጋለለ፣ እጁን ዘረጋ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ። ውሃው ወሰደው። ወደ ታች አልጎተተውም፣ ከዳር ወደ ውጭ ብቻ ነው። ከሚከሰከሰው ማዕበል ባሻገር ካወጣችው በኋላ ሸኚዋ እየደከመች፣ እየላላች መጣችና እንግዳውን ደጃፍ ላይ ተሰናብቶ እንደሚመለስ ባለቤት ቆመች። ለካ እንዲያ ነበረች። እስከ ደጅ ነው የምትሸኘው። የሚሞተው የሚገፋት ነው።

አሮጊቷ ነጠላዋን ፈትታ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን አወናጨፈችው። ይርዳው ገባው። ወደ ዳር ሳይሆን በዳሩ ትይዩ ወደ ጎን ቀስ ብሎ ዋኘ። ነጩ አረፋ ጋ ሲደርስ ማዕበሉ ተቀበለው። መቀበል ብቻ መሰላችሁ? አነሣው፣ ጣለው፣ አገላበጠው፣ አሸዋ አጎረሰው። ከዚያም አሮጊቷ እግር ሥር ተፋው።

ሩቂያ፦ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ተቀመጠች። ቀጥላም፦ «ታጠብክ?» አለችው።

ቤት ሲገቡ ያንኑ እንስራ አመጣችና በራሱ ላይ አፈሰሰችው። «አይገባም» አላለም። ያን ያህል ጣፋጭ ውሃ ኖሮ እንደማያውቅ በኋላ ለሚስቱ ነግሯታል። የሰጡትንም ዓሣ በላ። ጨምሩልኝ አለ።

ጀልባው እስኪመጣ አራት ቀን ቀረ። ይርዳው ለምስጋና ምን እንደሚሰጣት ቢጠይቃት ምንም አልፈልግም አለች። ይኸው እሷም ከእሱ ብሳ ተገኘች። በመጨረሻ ጥለቱ ሰፊና ቀይ የሆነውን፣ ለሚስቱ ያስቀመጠውን ሸማ አወጣ። በረዥም እንጨት ላይ አሰረና ሸኚዋ አፍ ላይ ተከለው፤ የስሟን ትርጉም የማያውቅ እንግዳ ከሩቅ አይቶ እንዲጠይቅ። የደሴቷ ሰዎች ጨርቁ ሲያልቅ በሌላ ቀይ ይተኩት ጀመር።

ጀልባው መጣ። ሩቂያ የጨው ከረጢቱን አንሥታ ልትሸኘው ተነሣች። ይርዳው አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። ጎን ለጎን ሆነው እስከ ውሃው ዳር ሄዱ።

«አልተከራከርከኝም፣ ልጄ።»

«ዛሬ ወደ ቤቴ የምሄደው ስላልተከራከርኩ ነው፣ እናቴ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሚስቱ ሳትወልድ ደረሰ። ሊጠይቁት የመጡ ጎረቤቶችም ሲወጡ ሸኛቸው፤ ሲሸኙትም ተሸኘ። አማቱ ታሟል ብለው ሰጉ።

ተረቴን እኔ አደረስኩ፣ እናንተ መልሱ። አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ስታቀርቡልኝ ደግሞ «አይገባም» እላለሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁ።