ያስጨነቀ ጉርሻ

አንድ ሰው ነበረ። አንቺ ግን መጀመሪያ ያንን የገንፎ ሳህን ከእጅሽ አውርጂው። እዚያ ምንጣፉ ላይ፣ ከልጁ ፊት አኑሪው። ማንኪያውንም አኑሪውና ወደ እኔ ዞረሽ ተቀመጪ። «እማሆይ፣ ልጄ አልበላም ካለኝ ሰነበተ፤ ምን ይበጀኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለም? እመልስልሻለሁ። መነኩሴ ስለ መብላት ምን ታውቃለች እንዳትዪኝ፤ ይህን ቆብ ከመድፋቴ በፊት አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ። እንግዲህ ስሚኝ።

አንድ ሰው ነበረ አልኩሽ። ንብ አናቢ ነው። በአገሩ እንደ እሱ ያለ ትዕግሥተኛ የለም ይባልለት ነበር። ቀፎውን በጭቃና በእበት ለቅልቆ፣ በወይራ ጭስ አጥኖ፣ ዛፍ ላይ ይሰቅልና ዘወር ይላል። ንቡ በሳምንት ይምጣ በወር፣ እሱ አይጨነቅም። «የኔ ሥራ መስቀል ነው፤ መግባቱን ንቡ ያውቃል» ይላል። ታዲያ ይህ ሁሉ ትዕግሥት የቤቱን ደጃፍ አያልፍም ነበር።

ምክንያት ነበረው፤ እንዲያው በከንቱ አልፈርድበትም። የመጀመሪያ ልጁን ኩፍኝ ወስዶበታል። ያ ልጅ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው እህል አልቀምስም ብሎ ነበር። ስለዚህ በአባትየው ልብ የቀረው ኩፍኙ ሳይሆን ያ የተዘጋ አፍ ነው። ከዓመት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ ስሟን ማስረሻ አላት። ስሙስ ወጣላት፤ እሱ ግን አንድም ቀን አልረሳም።

ማስረሻ ጡት እስክትጥል ደህና ነበረች። ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ እንደ ልጅ ሁሉ፣ «እምቢ» የምትባል ቃል አገኘች። ቃሏንም ወደደቻት። ትናንት የበላችውን ዛሬ አትነካም፤ ሽሮው ቢቀጥን እምቢ፣ ቢወፍር እምቢ። አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጎርሳ ፊቷን ስታዞር፣ አባትየው ያ የተዘጋ አፍ ታየው። ደነገጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ማዕድ ሲቀርብ ሁሉም ሰው ይጨንቀው ጀመር።

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የሚለውን ተረት ታውቂዋለሽ። ይህ ሰው በዚህ ተረት ያደገ ነው። እንግዳ ሲመጣበት አጉርሶ አጉርሶ፣ ዓይኑን እንባ እስኪሞላው ድረስ ካላስጨነቀው ያከበረው አይመስለውም። ለልጁም እንዲሁ አደረገ። ጡጫዋን የሚያህል ይጠቀልልና «በሞቴ!» ይላል። አልጎርስም ስትል «አፈር ስሆን!» ይላል። ያም ሲያቅተው ጅብ ይጠራባታል። ጅቡም ሲያቅተው ጉንጯን ጫን አድርጎ አፏን ያስከፍታል። እሷም ብልህ ናት፤ ጉንጯ ውስጥ ቋጥራ ታቆየውና፣ ዞር ሲል ጠብቃ አልጋ ሥር ትተፋዋለች። ሚስቱ «ኧረ ተዋት፣ ሲርባት ትበላለች» ብትለው፣ «ያኛውንም ሲርበው ይበላል ብለሽኝ ነበር» አላት። 

ታዲያ አንድ ነገር ሰማ። ማስረሻ ከአጥሩ ባሻገር ካለችው መበለት ቤት ስትውል ትበላለች ተባለ። አላመነም። «ምን ብታቀምሳት ነው?» አለ። ሄዶ ከመበለቲቱ ሽሮ አንድ ኩባያ ለምኖ አመጣ፤ በዚያ ሽሮ ተሠራ፤ ማስረሻ እምቢ አለች። ሳህኑ ይሆናል ብሎ ሳህኗን ተዋሰ፤ እምቢ። ውኃው ይሆን ብሎ ከእሷ እንስራ አስቀዳ፤ አሁንም እምቢ። ሰውዬው የንብ ጠባይ ሲያጠና የኖረ ነውና፣ መጨነቁን ሳይተው መገረም ጀመረ። በመጨረሻ አንድ ቀን ቀትር ላይ ሥራውን ትቶ በመበለቲቱ ጓሮ ዞረ፤ ጭቃው በረገፈበት በኩል በግድግዳው ቀዳዳ ዓይኑን ሰክቶ ቆመ። ያን ያህል ጢም ያለው ሰው! ሰው ቢያየው ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ምን አየ? መበለቲቱና ሁለት ትልልቅ ሴት ልጆቿ ከበው ይበላሉ። ማስረሻ በመካከላቸው ናት። ከፊቷ መዳፍ የምታህል እንጎቻ ተቀምጣለች። ሴቶቹ ጎመናቸውን ስለ በላው ተባይ ያወራሉ፤ ወደ ልጅቱ አፍ የሚመለከት የለም። ልጅቱ እንጎቻዋን ቀደደች። አሸተተቻት። አንዱን ቁራሽ ለዶሮ ጣለች። አንዱን ወጥ ውስጥ ነክራ ጣቷን ብቻ ላሰች። አባትየው ውጭ ቆሞ፣ ዘሎ ገብቶ ሊያጎርሳት ምንም አልቀረው። እሷ ግን አንዲት ቁራሽ ጠቀለለችና ወደ መበለቲቱ አፍ ሰደደች። መበለቲቱ አፏን ከፍታ ጎረሰችና «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለቻት። ልጅቱ ሳቀች፤ ሁለተኛውንም አጎረሰቻት። ሦስተኛውን ከራሷ አፍ ከተተችው። አራተኛውንም። ማንም እልል አላለም፤ ወሬው ጎመኑ ላይ እንደነበረ ቀጠለ።

ሰውዬው መደበቁን ረሳና በበሩ ገባ።

«እትዬ፣ ምን አድርገውባት ነው?»

«ምንም» አለች መበለቲቱ።

«ምንም ማለት?»

«ምንም ነዋ ያደረግሁት! ቀላል እንዳይመስልህ፤ አንተ ሞክረኸውም አታውቅ።» ከላይ እስከ ታች አየችው። «ለመሆኑ ንቦችህን ቀፎ የምታስገባቸው በሞቴ ግቡ፣ አፈር ስሆን ግቡ እያልክ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ደግሞም» አለችው፣ «ምሳዋን አልበላችም ትላለህ፣ ከማለዳ እስከ ረፋድ ወተት ትግታታለህ። ሆዷ በወተት ተነፍቶ ከየት አምጥታ ይርባት?»

ተናዶ ወጣ። የተናገረችው ግን አብሮት ሄደ። በማግሥቱ ከቀፎዎቹ ሲመለስ ነጭ ማር ከነሰፈፉ በቅጠል ይዞ ነበር። ማስረሻን ደጅ ላይ አገኛትና «ነይ፣ ምን እንዳመጣሁልሽ እይ» ብሎ ቆርሶ እጁን ዘረጋ። ልጅቱ በሁለት እጇ አፏን ከድና ወደ ኋላ ሸሸች። ጀርባዋ ከግድግዳው ተጣበቀ። ማሩን አላየችውም። ያየችው እጁን ነው።

ያን ጊዜ ሰውዬው ልቡ ተሰበረ። ልጄን ከሞት አድናለሁ ሲል፣ ልጁ ከእሱ የምትሸሽ ሆናለች። ማሩን ከነቅጠሉ በርጩማው ላይ አኖረና ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላው የመላስ ድምፅ ሰማ። ዞሬ ልይ የሚለው ፍላጎቱ አንገቱን ሊያዞረው ነበር፤ አልዞረም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወተቱ ከማዕድ በኋላ ሆነ። ማዕድ ሲቀርብ ሰውዬው ቀኝ እጁን በግራ እጁ ይዞ ይቀመጣል። ሚስቱ «እጅህን ምን ነካህ?» አለችው። «አስሬው ነው» አላት። በሦስተኛው ቀን ማታ ልጅቱ አንዲት ቁራሽ ሳትቀምስ ተነሣች። ያ የተዘጋ አፍ እንደገና መጣበት። ወጥቶ ዛፎቹን አንድ ጊዜ ዞሮ ተመለሰና ምንም ሳይናገር ተኛ። ጧት ልጅቱ ቀድማው ተነሥታ «እንጎቻ!» አለች። ሁለት በላች።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በላች ብዬ አልዋሽሽም። አንድ ቀን ጥርግ ታደርጋለች፣ አንድ ቀን ትቆነጥራለች። ጎመን አሥር ጊዜ ቀርቦላት አይታ ትታ፣ በአሥራ አንደኛው ቀመሰችው። ነገር ግን ማዕድ ሲቀርብ መሸሽ ተወች።

አንድ እሑድ ቀን፣ ሰውዬው እጁን እንደያዘ ተቀምጦ ሳለ፣ ማስረሻ ከቦታዋ ተነሣች። በትንሽ ጣቷ የጠቀለለችውን ይዛ መሶቡን ዞረች። ግማሹ መንገድ ላይ ወድቋል፣ ግማሹ ጢሙ ላይ ቀረ። «በሞቴ» አለችው። አፉን ከፈተ። ጉርሻዋ የጥርስ ቀዳዳ አትሞላም፤ እሱ ግን ጉሮሮው ላይ ቆመችበት፣ ዓይኑም እንባ ሞላ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ እንግዲህ ያን ቀን አየ።

አየሽ ልጄ፣ ያ ንብ አናቢ አንቺ ነሽ። ተረቱ ውሸት አይደለም፤ የተናገረው ግን አፉ ትልቅ የሆነ ሰው ነው፤ ለልጅ አፍ አልተነገረም። ማዕድሽ ቀፎሽ ነው። ማጽዳቱ፣ ማጠኑ፣ በሰዓቱ መስቀሉ ያንቺ ነው። መግባቱ የልጁ ነው። አንቺ ግን ቀፎውን ተሸክመሽ ንቡን በየሜዳው ታሳድጂዋለሽ፤ ከዚያ ነደፈኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ። ልጁ ከከሳብሽ፣ ካተኮሰው፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው፤ በተረት አይታከምም። እንዲህ እንደ ዛሬው ጉንጩ ሞልቶ፣ ዶሮዬን ሲያባርር እየዋለ እምቢ ቢልሽ ግን፣ የምታጎርሺው ልጁን ሳይሆን የራስሽን ፍርሃት ነው።

አሁን ቀስ ብለሽ ዙሪ። ቀስ፣ አልኩሽ! አትነሺ፤ እልልም አትበዪ። አንድ ሰው ነበረ ብዬ ስጀምር ያ ሳህን ሙሉ ነበር። ገንፎው ግማሹ ምንጣፌ ላይ ነው፣ ይሁን፣ ምንጣፍ ይታጠባል። ማንኪያውን ይዞ ወደ አንቺ እየመጣ ነው።

አፍሽን ክፈቺ።