የሸረሪት ወሬ አድራሽ ድር

ተረት ተረት ብያለሁ፤ የመሠረት ያላችሁ ስሙኝ።

ሸረሪት ከዛፍ ዛፍ ወሬ የሚያደርስ ድር ልትዘረጋ ማር የሚከፍል ባለድርሻ ፈለገች። «ዝናብ ሊበጥሰው ይችላል፤ ሲርበኝም ባለድርሻዎቼን ልበላ እችላለሁ» ብላ በግልጽ አስታወቀች።

ጢንዚዛ ማሩን ሰጥቶ ቀድሞ ገባ። ድሩ ላይ ተንጋሎ ሲወዛወዝ ያየው ዝንብ በቅናት አረረ።

«እትዬ ሸረሪት እኮ እበላችኋለሁ ብለዋል» አለችው ትንኝ።

«ተይኝ እባክሽ! እሱ ለወጉ ያህል የሚባል ነው። ጢንዚዛ ብቻውን ይክበርበት?» አለና ያለችውን ጠብታ ማር ይዞ ድሩ ላይ ዘሎ ወጣ። እዚያው ተጣበቀ።

ብዙም ሳይቆይ ሸረሪት ራባት። ዝንብን አልፋ ወደ ጢንዚዛ ስታመራ፣ ዝንብ እንደተጣበቀ ጮኸ፦

«ኧረ እትዬ ሸረሪት፣ እኔ ምን በደልኩ? ሁልጊዜ እሱ ነው የሚቀድመው?»