እመቤታችን ጆሮው ለተዘጋው መካኒክ በሊማሊሞ ዳገት ያደረገችለት

በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ በአንድነቱ በማይከፈል በአንድ አምላክ አምነን፣ የእመቤታችንን የቅድስት ድንግል ማርያምን ተአምር እንናገራለን፤ የምትሰሙ ሁሉ ልቡናችሁን ሰብስቡ። ጸሎቷ ከዚህ ጉባኤ አይራቅ፣ በረከቷም በየቤታችን ይግባ፤ አሜን።

በአዲ አርቃይ ከተማ አዛናው የሚባል፣ የክርስትና ስሙም ፍቅረ ማርያም የሆነ፣ ሞተር የሚጠግን አንድ ሰው ነበረ። ይህም ሰው እመቤታችንን ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳት ነበርና በየማለዳው እጁን ታጥቦ፣ ወደ ምሥራቅም ዞሮ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳያደርስ መፍቻ አይነካም ነበር፤ ወር በገባ በሃያ አንደኛውም ቀን በመኪናው የሚሳፈረውን ሁሉ በነጻ ያደርስ ነበር። በሙያውም እጅግ የታወቀ ነበረ። የታመመ ሞተር ሲመጣለት አስቀድሞ አይፈታውም፤ የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ በሞተሩ ላይ ያሳርፍና እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ ከዚያም የታመመውን ቦታ በጣቱ ያሳያል፤ ሲፈታም እንዳለው ሆኖ ይገኝ ነበር።

ከዚህ ከምንናገረው ተአምር ስድስት ዓመት አስቀድሞ ግን ጎማ የሚነፋበት የአየር በርሜል በአጠገቡ ፈነዳና ሁለቱም ጆሮዎቹ ተዘጉ። ሐኪሞችም መረመሩትና የሚደረግ ነገር የለም ብለው አሰናበቱት። እርሱም በመጀመሪያው ዓመት ጆሮውን እንድትመልስለት እመቤታችንን በዕንባ ለመናት፤ በሁለተኛውም ዓመት ለመናት፤ በሦስተኛው ልመናውን ተወ፣ ውዳሴዋን ግን አልተወም። እሑድ እሑድም ከቅዳሴ አይቀርም፤ ድምፅ ስለማይሰማ የዲያቆኑን አፍ እያየ ከሕዝቡ ጋር ይሰግድ ነበር። ሞተር የሚያስጠግኑ ሰዎች እያደር ቀሩበትና በዚያችው አሮጌ ፒካፕ መኪናው ማሽላ እያመላለሰ ይኖር ጀመር።

ከዕለታት በአንድ ቀን፣ ወርኁም ግንቦት ነበረ፣ የሻረግ የምትባል የዚያው ከተማ ሴት በደጇ ሽምብራ ስትለቅም ሳለ ትርንጎ የምትባል የአራት ዓመት ልጇ ከሽምብራው አንዲት ፍሬ በአፏ ይዛ ስትሮጥ ወደቀችና ፍሬዋ በጉሮሮዋ አልፋ ወደ አየር ቧንቧዋ ገባች። ሕፃኗም ትተነፍስ ነበር፤ ነገር ግን አየር በሳበች ቁጥር እንደ ቀጭን ዋሽንት ፉጨት ይሰማ ነበር። እናቲቱም አንሥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች። በዚያም አትጠገብ የምትባል ነርስ ልጅቱን አየቻትና እንዲህ አለቻት፦ «የሻረግ፣ ፍሬው እርጥበት እየጠጣ ያብጣል። እዚህ የሚያወጣልን መሣሪያ የለም፤ ዛሬውኑ ጎንደር መድረስ አለባት።» አምቡላንሱ ግን ሌላ ሕመምተኛ ይዞ ሄዶ ነበርና፣ ወደ ጎንደር የሚሄደውም አውቶቡስ በጠዋት ወጥቶ ነበርና፣ ነርሷ በከተማው ሁሉ መኪና ፈልጋ አጣች፤ በመጨረሻም ወደ አዛናው ደጅ መጣች።

አዛናውም ነገሩን ከነርሷ የእጅ ምልክትና ከከንፈሯ አወቀ። ነገር ግን መኪናው ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይፈላ ነበር፤ ምክንያቱንም ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈልጎ አላገኘውም። ድምፁንም ራሱ አይሰማውምና ጮክ ብሎ እንዲህ አላት፦ «ልጄ፣ ይህች መኪና በሜዳ ታደርሳለች። ሊማሊሞ ላይ ግን አላምናትም፤ ትፈላለች።» እርሷም እስክሪብቶ አወጣችና በመዳፏ ላይ «ሌላ የለም» ብላ ጻፈችለት። እርሱም አንብቦ ሁለት ጀሪካን ውኃ ጫነና አማተበ፣ እናቲቱን ከነልጇ፣ ነርሷንም በአጠገቧ አስቀመጠና ተነሣ።

እስከ ዛሪማ ድረስ በደኅና ሄዱ። ዳገቱን ጀምረው ሦስተኛውን ጥምዝ ሲያልፉ ግን የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ወጣ፤ አዛናውም መኪናውን ከጥግ አቁሞ ኮፈኑን ከፈተ። በረድ እስኪል ጠብቆ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ሸፍኖ ፈታው፤ ውኃው ጥቂት ጎድሎ ነበርና ሞላው። ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጊያ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየው፤ አልላላም። ማራገቢያውም ይዞራል። በራዲያተሩ ፊት የተለጠፈውን ገለባና ትንኝ በእጁ ጠረገ። የውኃውን መተላለፊያ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታት እንደሆነ ቀድሞውኑ አውጥቶ ጥሎታል። ስለዚህ የሚነካው ሌላ ነገር አጣና እንደገና ተነሡ፤ ሁለት ጥምዝ እንዳለፉም ፈላ። ዳግመኛ ቆሙ፣ ዳግመኛ ጠበቁ፣ ዳግመኛም ሄዱ፤ ሞተሩ ግን ከፊተኛው ይልቅ ፈጥኖ ፈላ።

ነርሷም ወርዳ በመንገዱ መካከል ቆመች፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት የጭነት መኪናዎች አለፉ፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ግን አልመጣም። የሕፃኗ ከንፈር ወደ ሰማያዊ ይለወጥ ጀመር። የሻረግም ልጇን ቀና አድርጋ በደረቷ ላይ ደግፋ ይዛት ነበር፤ ነርሷንም «ትደርሳለች በይኝ» አለቻት። ነርሷም «እንዲህ እየቆምን ከሄድን እንጃ፣ የሻረግ» አለቻት። አዛናውም የነርሷን ከንፈር አየ፣ ያለችውንም አወቀ።

ከዚያም ወደ መቀመጫው ተመለሰና ሁለት እጁን በመሪው ላይ አድርጎ እንዲህ ሲል ጸለየ፦ «እመቤቴ ሆይ፣ ስለ ጆሮዬ ለራሴ ብዬ ለምኜሽ ነበር፤ አልሰጠሽኝም፣ እኔም አልተቀየምሁሽም። አሁን ግን ለራሴ አይደለም። ይህች ሞተር የሆነችውን ብሰማት አውቀዋለሁ፤ ሌላ ችሎታ የለኝም። ይህች ልጅ እስክትድን ድረስ ብቻ ጆሮዬን አውሺኝ፤ ከዚያ በኋላ መልሰሽ ውሰጂው።» ይህንንም ብሎ ግንባሩን በመሪው ላይ ባሳረፈ ጊዜ፣ እንቅልፍም ሳይሆን ንቃትም ሳይሆን፣ ብርሃን የለበሰች ሴት ከመኪናው መስኮት አጠገብ ቆማ አየ። እርሷም እጆቿን ዘርግታ እንደ ምንጭ ውኃ የቀዘቀዙ ጣቶቿን በሁለቱ ጆሮዎቹ ላይ አሳረፈችና «ስማ» አለችው። ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረችውም።

ወዲያውም ጆሮዎቹ ተከፈቱ። አስቀድሞ የሰማው በሞተሩ ውስጥ የሚንተከተከውን ውኃ ነበረ፤ ቀጥሎም የሻረግ «ተንፍሺ የኔ እናት፣ ተንፍሺ» ስትል ሰማት፤ ከዚያም የሕፃኗን ፉጨት ሰማ። ግንባሩንም ከመሪው ሳያነሣ ያዳምጥ ነበር። ነርሷም ከኋላው መጥታ «አያ አዛናው፣ ምን ሆኑ? አመመዎት?» አለች። እርሱም ፊቱን ሳይመልስ «ምንም አልሆንሁም፣ ልጄ» ብሎ መለሰላት። እርሷም አፏን ሳያይ እንደ መለሰላት ባስተዋለች ጊዜ ደንግጣ በመንገዱ ላይ ቁጭ አለች። እርሱ ግን «ተነሺ፤ ለመደነቂያ ጊዜ የለንም። እዚህ ግቢና ስልሽ ነዳጁን ትረግጫለሽ፣ ስልሽ ትለቂያለሽ» አላት።

ሞተሩም በረድ ባለ ጊዜ አስነሣው፤ ካቻቪቴውንም አንሥቶ እንደ ጥንቱ ጫፉን በሞተሩ፣ እጀታውን በጆሮው ላይ አደረገ። የውኃ መግፊያውን ፓምፕ አዳመጠ፤ ደኅና ነበረ። የሞተሩን ራስ አዳመጠ፤ በዚያም ክፉ ድምፅ የለም። «እርገጪ!» አላት፤ ረገጠች። ያን ጊዜ ከታች፣ ከማራገቢያው በስተኋላ፣ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። «ልቀቂ!» አላት፤ ፉጨቱም ጠፋ።

ነርሷም «ይኼ ፉጨት የልጅቷ አይደለም እንዴ? ከጠዋት ጀምሮ ስሰማው ነበር እኮ!» አለች።

«ሁለት ናቸው፣ ልጄ። አንዱ የልጅቷ ነው፣ አንዱ የሞተሩ። አንቺ ሰምተሽው ምን እንደሆነ አላወቅሽም፤ እኔም የማውቀውን አልሰማሁም» አላት።

ከዚያም በጀርባው ተኝቶ ከመኪናው ሥር ገባና ነዳጁ በተረገጠ ጊዜ አየ። እነሆም ከራዲያተሩ ግርጌ ወደ ሞተሩ ውኃ የሚያሳልፈው የጎማ ቱቦ፣ መካኒኮች ማኒኮቶ የሚሉት፣ ፓምፑ በኃይል ሲስበው ግራና ቀኙ ተጣብቆ እንደ ባዶ ስልቻ ይጨማደድ ነበር፤ ነዳጁ ሲለቀቅ ግን ተመልሶ ይሞላ ነበር። በቱቦው ውስጥ እንዳይጨማደድ የሚደግፈው የሽቦ ጥቅል ነበረና ያ በእርጅና ዝጎ አልቋል፤ ጎማውም ላልቷል። ስለዚህ በሜዳ ውኃው ያልፋል፣ በዳገት ይዘጋል፤ መኪናው ቆሞ ሲታይም ቱቦው ደኅና ይመስላል። አዛናው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳያገኘው የቀረው ስለዚህ ነው።

ምክንያቱን ካወቀ በኋላ ሥራው ከባድ አልነበረም። ሞተሩን አጠፋና የቱቦውን ማሰሪያዎች ፈታ፣ የሚወርደውንም ውኃ በባልዲ ተቀበለ፤ ውኃው ትኩስ ነበርና ቀኝ ክንዱን እስከ ክርኑ አቃጠለው፤ እርሱ ግን እጁን አላነሣም። የፒካፑን ሸራ ያሰረበትን ሽቦ ፈትቶ በጎማ መፍቻው ዘንግ ላይ ጥምጥም አድርጎ ጠቀለለው፣ ከዘንጉም አውጥቶ በቱቦው ውስጥ አስገባው፣ መልሶም አሰረው። የባልዲውን ውኃና በጀሪካን የቀረውን ሞላ። «እርገጪ!» አላት፤ ረገጠች፤ ቱቦው አልተጨማደደም። የመኪናው ፉጨት ቀረ፤ የሕፃኗም ብቻ ይሰማ ነበር።

ከዚያም ተነሡና ከጥምዝ ወደ ጥምዝ ወጡ፤ የሙቀቱም መርፌ ከመካከል አልነቃነቅ አለ። አዛናውም እየነዳ የሕፃኗን ትንፋሽ ያዳምጥ ነበር፤ ሲደክም ሲሰማ ይፈጥናል፣ ነርሷም ሳትነግረው ያውቅ ነበር። ደባርቅ በደረሱ ጊዜ በዚያም ፍሬውን የሚያወጣ መሣሪያ አልነበረምና ነርሷ ከሆስፒታሉ የኦክስጅን ሲሊንደር ተቀብላ መጣች፤ ሌላ መኪና እስኪፈለግ መጠበቅ ግን አልወደደችምና «በዚሁ እንሂድ፤ አሁን አምናታለሁ» አለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆንም ጎንደር ገቡ፤ ሐኪሞቹም ልጅቱን ከእናቷ እቅፍ ተቀብለው ወደ ውስጥ አስገቧት።

አዛናውም በበሩ ፊት ቆመ። በመተላለፊያው የሚሄደውን የጫማ ኮቴ፣ የአልጋውን ጎማ ሲጢጥታ፣ በግድግዳው ጥግ የሻረግ የምትለምነውን ልመና ሁሉ ሰማ። ከአንድ ሰዓት በኋላም ከውስጥ የሕፃን ጩኸት መጣ፤ ይህም የቁጣ ጩኸት ነበረ፣ ፉጨትም አልነበረበትም። ሐኪሙም ወጥቶ በፋሻ ላይ ያበጠችውን የሽምብራ ፍሬ አሳያቸው፤ የሻረግም በግንባሯ ወድቃ መሬቱን ሳመች።

አዛናው የዚያችን ሕፃን ጩኸት እየሰማ ሳለ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ፤ ሰው ከተራራ ወዲያ እንደሚሄድ ሆነ። ከዚያም ዝም አለ። ነርሷ በደስታ ስትናገረው ወደ አፏ ተመለከተ፤ እርሷም በዚህ አወቀችና አለቀሰች፣ በእጇም ወደ ጆሮው አመለከተች። እርሱም በመተላለፊያው ያሉ ሰዎች ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ ጮክ ብሎ «አታልቅሽ፣ ልጄ! እስክትድን ነበር ያልኋት፤ ልጅቷ ድናለች» አላት።

ወደ አገራቸው በተመለሱም ጊዜ ሦስቱ ከሕፃኗ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥተው የሆነውን ለካህናቱ ነገሩ። አትጠገብም ጀርባውን ሰጥቷት ሳለ እንደ መለሰላት መሰከረች፤ አዛናውም የተቃጠለ ክንዱን አሳየ። ድንጋጤ እንዲህ ያደርጋል ያሉ ሰዎች አሉ፤ ጆሮውን ቀድሞ የመረመረው ሐኪም ግን ዳግመኛ አይቶት «እንዴት እንደሆነ አላውቅም» አለ። እኛም የሆነውን እንጂ እንዴት እንደሆነ አንናገርም። አዛናውም እስከ ዛሬ ድረስ አይሰማም። ካህናቱም ስለ ጆሮው እንጸልይልህ ብለው በወረቀት ጻፉለት፤ እርሱም አንብቦ ወረቀቱን አጠፈና «ለምስጋና ጸልዩልኝ፤ ትርንጎ ቤቱን በጩኸት ሞልታዋለች ይሉኛል» አላቸው። ሁሉም በአንድነት እግዚአብሔርን አመሰገኑ፣ እናቱንም ከፍ ከፍ አደረጓት።

ልመናዋ ለዚያች ሕፃን የደረሰላት እመቤታችን፣ በዳገት ለቆመው፣ በሕመም ለታፈነው፣ ልጇን ታቅፋ መንገድ ለምታይ እናት ሁሉ ትድረስ። ይህን የሰማን እኛንም ሰምተን እንዳልሰማን ከመሆን ትጠብቀን፤ የጻፈውን፣ ያነበበውንና ያዳመጠውን በልጇ በወዳጇ ፊት ታስበን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።