ገብስማ ዶሮና የተራበው ባትሪ

«ጆሯችሁን አቀረባችሁ?»

«አቀረብን!»

«እንግዲያው ስሙኝ።»

ድሮ፣ ዶሮም ባትሪም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል የከብት ሐኪም ነበረች። በበጋ በሞተሯ ገጠር ለገጠር እየዞረች ላም ታክማለች፣ በግ ትከትባለች። ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን፣ ሞተሯን ታዛው ሥር አቁማ በእግሯ ትሄዳለች።

አንድ ክረምት ገብስማ ዶሮዋ መታቀፊያ ስታማርጥ፣ ስታማርጥ፣ ከሞተሩ ኋላ በብሎን የታሰረችውን የመድኃኒት ሳጥን አገኘች። ጭድ አለባት፣ ዝናብ አይገባባትም። «ቤት ማለት እንዲህ ነው!» አለችና አሥራ አንድ እንቁላል ጥላ ታቀፈች።

ከሞተሩ ወንበር ሥር ደግሞ ባትሪ ይኖር ነበር።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እመት ገብስማ» አላት በጎርናና ድምፁ።

«እንኳን ደህና ቆየህ፣ አያ ባትሪ። ሃያ አንድ ቀን ነው የምቆየው፤ አላስቸግርህም።»

የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። የጋራዡ ጋሽ ቢሻው «ክረምቱን በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚሁ ሰፈር ውስጥ ይንዱት፤ ባትሪ የሚበላው ሞተሩ ሲሮጥ ነው» ብሏት ስለነበር፣ ትርንጎ ቁልፏን ይዛ መጣች።

ገብስማ ላባዋን ነፋች። «ኩርርርር! እሜቴ፣ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ እንቁላሎቼ ይሰበራሉ!»

ትርንጎ ሰማዩን አየች። ያካፋል። «ይሁን፣ ለሚመጣው እሑድ» ብላ ገባች።

«እመት ገብስማ፣ ምሳዬን እኮ መለስሽብኝ» አለ ባትሪ።

«ቁጭ ብለህ እየዋልክ ምን ሠርተህ ነው የሚርብህ?»

«ቁጭ ብዬስ መች ዳንኩ? ያቺ ቀይ ዓይኗን የምታርገበግበው አላርም ሌት ተቀን ትመጠኛለች።»

አላርሟ ከላይ ሆና ሰማችና «ሌባ እየጠበቅሁ ነዋ! ዘበኛ ጦሙን ይደር?» አለች። ሦስቱም ሳቁ።

ሁለተኛው እሑድ ደረሰ። ትርንጎ መጣች፤ ገብስማ ጣቷን ጠቅ አደረገቻት። ትርንጎ ጣቷን እየጠባች ገባች።

የባትሪ ድምፅ ሰልሏል። «እመት ገብስማ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ክላክሱን እንኳ የማስጮህ አይመስለኝም።»

«ክላክስ ደግሞ ለምንህ ነው? ጫጩቶቼን ልታስደነግጥ? አንድ ሳምንት ቻል!»

ሦስተኛው እሑድ ደረሰ። ገብስማ ክንፏን ዘርግታ፣ አንገቷን ደፍታ እንደ በሽተኛ ተኛች። «ወይ የኔ ምስኪን» አለች ትርንጎ። ዝናቡም እየወረደ ነበርና ተመልሳ ገባች።

«እመት...» አለ ባትሪ በሹክሹክታ። ሊጨርሰው አልቻለም። ገብስማም ከሆዷ በታች «ጢው» የሚል ድምፅ ሰምታ ስለነበር አላዳመጠችውም። አሥራ አንዱም ተፈለፈሉ።

ትርንጎም ዝናቡን እያየች ሳትነዳው ክረምቱ አለፈ፣ መንገዱ ደረቀ። ለዘመን መለወጫ ሦስት ቀን ሲቀር ትርንጎ ቁልፉን አዞረች። «ቀጭ።» ደግማ አዞረች። «ቀጭ።» ሦስተኛ አዞረች። ቀጭ የሚልም ጠፋ። አላርሟ እንኳ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ሦስት ዓመት አገለገለኝ፤ አርጅቷል ማለት ነው» አለች ትርንጎ። ባትሪውን ፈታ አወጣችና አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበውን ቆራሌ ጠራችው።

ገብስማ ክው አለች። ባትሪው እንዳላረጀ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ተርቦ ነው። ያስራበችውም እሷው ናት።

«ሄጄ ልናገር ነው» አለችው አውራውን ዶሮ።

«አብደሻል? በዓል ደርሶ፣ ሽንኩርቱ ተገዝቶ! እኔ እንኳ እንዳልታወስ ብዬ መጮህ ካቆምኩ ሳምንቴ ነው። ‹ያበላሸሁት እኔ ነኝ› ካልሻት በቀጥታ ድስት ነው የምትገቢው!»

ገብስማ ጫጩቶቿን አየች። ባትሪውን አየች። ቆራሌው ጆንያውን ዘርግቷል። «እነዚህን የፈለፈልኩት በማን ምሳ ነው?» አለች ለራሷ። ከዚያ ዘላ በጆንያውና በባትሪው መካከል ቆመች።

«እሜቴ፣ አይስጡት! አላረጀም፣ ተርቦ ነው! ሲለምነኝ እንዳልሰማ ሆንኩ። ያን እሑድም አላመመኝም ነበር፣ አስመስዬ ነው። ድስት ከሆነም እነሆኝ፤ ልጆቼን ብቻ አደራ!»

«ዶሮዋንም ልውሰዳት እንዴ?» አለ ቆራሌው።

ትርንጎ አልሳቀችም። «ገብስማ፣ እኔም እውነቱን ልንገርሽ። ለአንቺ አዝኜ አይደለም የተመለስኩት፤ ዝናቡን ጠልቼ ነው። አንቺ ሰበብ ሰጠሽኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ደግሞ ሽንኩርቱ ለምስር ወጥ ነው። ማነው ድስት ያለሽ?»

አውራው ዶሮ ቀስ ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ።

ትርንጎ ባትሪውን ታቅፋ ወደ ጋራዥ ሄደች። ገብስማ ከኋላዋ፣ አሥራ አንዱ ጫጩቶች ከገብስማ ኋላ። ጋሽ ቢሻው ባትሪውን ለክቶ ራሱን ነቀነቀ።

«በደንብ ቢያዝ አምስት ዓመት በኖረ ነበር። ባዶውን የከረመ ባትሪ ይጎዳል። ቀስ አድርጌ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ከተቀበለኝ ይነሳል። ከዕድሜው የጎደለውን ግን እኔም አልመልሰውም። ለከርሞው የማይነዱት ከሆነ ሽቦውን ነቅለው ያስቀምጡት።»

ገብስማ ቀኑን ሙሉ ከጋራዡ ደጃፍ አልተነሳችም። ጫጩቶቿን እዚያው ጭራ አበላች። ባትሪው በማግስቱ ነቃ። ገብስማ ወቀሳውን ልትቀበል አንገቷን ደፋች።

«እመት ገብስማ» አላት ባትሪ፣ «ስንት ተፈለፈሉ?»

«አሥ... አሥራ አንድ።»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

ገብስማ እንባዋ መጣ። እኛም ከዚያ ወዲህ ይህን እንላለን፦ ዝም ያለ ሁሉ የጠገበ አይምሰላችሁ። የጎረቤታችሁ ድምፅ ሲሰልል «በላህ ወይ?» በሉት፤ መልሱንም ቆማችሁ ስሙት።

እኔ አውርቼ ጨረስኩ፤ የሰማችሁ ላልሰማው አውሩለት።