ድንኳን ፊት ክላክስ የነፋው ሰውዬ

አንድ ሰው ነበረ። መንገድ ዘግቶ የተተከለ ድንኳን ፊት መኪናውን ገትሮ ክላክስ ያንባርቃል። ምሥክር፣ ደህና ሰዓት መጣህ፤ ታክሲው እስኪሞላ እዚች ድንጋይ ላይ አረፍ በል። «የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ስልኬ ላይ ይደርሰኛል፤ እድር ምን ያደርግልኛል?» ብለህ ጠይቀህ የለ? ስማ እንግዲህ።

ሰውዬው ነጋዴ ነው፤ እንቅልፉ ራሱ ጥድፊያ ነው። እድራቸው ጥሩምባ የሚነፋ ሽማግሌ ነበረው። ሰው ሲሞት በየበሩ እየቆመ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ሰው ብቅ ካላለለት ንቅንቅ አይልም። ነጋዴው አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሣና፣ በዚህ ዘመን ሰውን በጥሩምባ መቀስቀስ ነውር ነው፣ የቴሌግራም ግሩፕ እከፍትላችኋለሁ አለ። ተጨበጨበለት። ሽማግሌው ጥሩምባውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ።

ግሩፑ ደራ። መርዶ ይመጣል፣ ከሥሩ የሚያስቅ ቪዲዮ፣ ከሥሩ የሚሸጥ ሶፋ። ነጋዴው የትራፊክ መብራት ሲይዘው በአውራ ጣቱ ሽቅብ ይገፋዋል። «ነፍስ ይማር» የምትለዋን አንዴ ጽፎ ስላስቀመጣት፣ የሻማ ምስል የተለጠፈበት ነገር ባየ ቁጥር እሷኑ ይልካል። ከሱ የሚቀድም የለም። ቅን ሰው ነው ተባለ፤ እሱም አመነ።

ያን ዕለትም በጠዋት ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ግሩፑ ውስጥ ሻማ አየና ያችኑ ላከ። የማን ሻማ እንደሆነ አላነበበም።

አመሻሹ ላይ ሲመለስ ነው እንግዲህ ድንኳኑ ደጁን ዘግቶ የጠበቀው። ክላክስ ቢነፋ ማን ይስማው። በግኖ ወረደ። ከድንኳኑ ውስጥ ያ ጥሩምባ ነፊ ሽማግሌ ብቅ አለ። ነጋዴው ማን ፈቅዶ ነው በሬን የዘጋችሁት፣ ድንኳኑስ የማን ነው እያለ ጮኸበት።

«የእማማ ዘነቡ ነው» አለው ሽማግሌው።

ነጋዴው ክው አለ። እማማ ዘነቡ ግድግዳ የሚጋራቸው ጎረቤቱ ናቸው። እናቱ ወልዳው ጡቷ ሲነጥፍ አጥብተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ቀብሩ መቼ ነው ብሎ ጠየቀ።

«ቀብረናቸው መመለሳችን ነው» አለው ሽማግሌው። «ቃሬዛውን ከፊት የሚይዘው የጡት ልጃቸው ነው ብለን ቆመን ጠበቅንህ። እኔ ሮጬ ልጥራው ብል፣ ተው፣ አውቋል፣ ከሁሉም ቀድሞ ነፍስ ይማር ያለው እሱ ነው ብለው የእድሩ ሰዎች ከስልካቸው አነበቡልኝ። አውቆ ከቀረ ምን ብዬ በር ላንኳኳ ልጄ?»

ነጋዴው መኪናውን እዚያው መሀል መንገድ ጥሎ ገባና ከዳር ተቀመጠ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ አላርፍ ብሏል፤ ግሩፑ ገና ነፍስ ይማር እያለ ነው።

ምሥክር፣ አንተም ያ ሰውዬ ነህ። ወሬው ይደርስሃል፤ አንተ ግን ማንም ጋ አትደርስም። ይባስ ብሎ፣ ሰዎች የደረስክ ስለሚመስላቸው የሚጠራህ ይጠፋል። ሂድ አሁን፣ ታክሲው አንድ ሰው ነው የቀረው። ግን ቆይ፤ እናትህ ጠዋት ከዚሁ ተራ ነው የተሳፈሩት። ትናንት በድምፅ ለላኩልህ መልእክት ቀይ ልብ መልሰህላቸው፣ «ልጄ ሰምቶኛል» እያሉ ለሰው ሲያሳዩ ነበር። ምን እንዳሉህ ሰምተኸዋል?